«እህል ቀመሰች ወይ?»

ደሴ ውስጥ ሰው ሲታመም ጠያቂ ገና ከበር ሳይገባ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል። «እህል ቀመሰች ወይ?» ይላል። ታይፎይድ ይሁን ወባ፣ አራስ ትሁን ከኦፕሬሽን የተነሳች፣ ጥያቄው አይለወጥም። ጠያቂውም ባዶ እጁን አይመጣም። አጥሚት በፔርሙዝ ይመጣል። ሾርባ ተከድኖ ይመጣል። ገንፎ ይመጣል። በሽተኛዋ «አልፈልግም» ብትልም «አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ» ተብላ ትጎርሳለች።

ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሲሆን ግን ይህ ወግ ይቀራል። ትኩሳት የላትም። አያስመልሳትም። የሚታይ ቁስል የለም። ስለዚህ «ትንሽ ከፍቷት ነው» ይባላል። «ከሰው ተጣልታ ይሆናል» ይባላል። አጥሚት ይዞላት የሚመጣ የለም፤ ምክር ይዞ የሚመጣ ግን ሞልቷል። «በርቺ እንጂ!» «ጸልዪበት።» «ወጣ ወጣ በዪ።» ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ተጨምሯል፤ «ጤናማ ምግብ ብዪ፣ ይለቅሻል።»

ይህን የምጽፈው በዚህች በመጨረሻዋ ምክር የተነሳ ነው። ምክሯ ከእውነት የራቀች አይደለችም። ምግብ ለድባቴ ሕክምና እውነተኛ አጋዥ ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ። ችግሩ የምትነገረው ለታማሚዋ መሆኑ ነው። ገበያ ወጥታ፣ ጎመን ቀንጥሳ፣ ሽንኩርት ከትፋ፣ ወጥ ሠርታ መብላት የምትችል ሴት ከሕመሙ ግማሹን አልፋዋለች። ገና ያላለፈችው ከአልጋ ወርዳ ፊቷን መታጠብ ራሱ ተራራ የሆነባት ናት። ለእሷ «ጤናማ ምግብ ብዪ» ማለት ሌላ የማትወጣው ዕዳ መጨመር ነው። ምክሩ መነገር ያለበት ለባሏ፣ ለእህቷ፣ ለልጆቿ፣ ለጎረቤቷ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእናንተ ነው።

እኔ የታመምኩት ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት መገባደጃ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን ሸሸን። ኅዳር ማብቂያ ላይ የመንግሥት ጦር ከተሞቹን መልሶ ሲይዝ እኛም ተመለስን። የተሰበረ በር ጠገንን። የተዘረፈውን በሚቻለን ተካን። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ይሠራ ነበር፤ እኔም ሠራሁ። ሕመሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሰዉ «ተመስገን፣ አለፈ» ማለት ከጀመረ በኋላ። ያመመኝ ጦርነቱ ብቻ ነው አልልም። እናቴም በወጣትነቷ እንዲህ ያለ ጨለማ ጊዜ አሳልፋ እንደነበር የሰማሁት ከታመምኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ እስኪነጋ ጣሪያ አያለሁ። ከዚያ ምግብ ጣዕሙን አጣ። ቡና ሲቆላ ሽታው ምንም አይለኝም። ቀኑ በሻይና በቁራሽ ዳቦ ያልፋል። ማታ እንጀራ ይቀርባል፤ ከዳር ቆርሼ እነሳለሁ። አብራኝ የምትሠራ ሴት ደግሞ ሲይዛት ተቃራኒው ነው የሚሆንባት። ጣፋጭና ብስኩት ታሳድዳለች፣ ሳትራብ ትበላለች፣ ከዚያ በመብላቷ ራሷን ትወቅሳለች። ድባቴ በሁለቱም በኩል ይመጣል። ስለዚህ «ወፍራለች፣ ምን ሆነች?» አትበሉ። ክብደት ብቻውን አይናገርም።

ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እህቴ ናት። ሐኪሙ ብዙ ጠየቀኝ። ደም እንድሰጥም አዘዘ። ምክንያቱን ሲነግረኝ ገባኝ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ሁሉም ድካምና ጭፍግግ ያለ ስሜት ያመጣሉ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ድባቴ ይመስላሉ። አንዳንዴም ከድባቴ ጋር አብረው ይኖራሉ። እኔ የደም ማነስ ተገኘብኝ፤ ድባቴውም በራሱ ነበረ። ስለዚህ የብረት ኪኒንም፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒትም ታዘዘልኝ። «ድባቴ ነው» ተብሎ ደም ያልተመረመረ ዘመድ ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። «ደም ማነስ ብቻ ነው» ተብሎ ስለ ስሜቱ ያልተጠየቀም ካለ እንደዚያው።

ስለ መድኃኒቶቹ ትንሽ ልበል፤ ከምግብ ጋር ይያያዛሉ። በአገራችን ጤና ተቋማት ለድባቴ በብዛት ከሚታዘዙት ሁለቱ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ፍሉኦክሰቲን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያቅለሸልሽና ያለችውን ፍላጎት ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ማታ ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲቆይ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ሁለቱም ዛሬ ተውጠው ነገ አይሠሩም። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ታማሚ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህች መሃል ላይ ነው። ሕመሙ አልለቀቀም፣ መድኃኒቱ ደግሞ ሆድ ያውካል። ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት ካላወቀ ኪኒኑ ወደ መሳቢያ ይገባና እዚያው ይቀራል። ለማቅለሽለሹ ትንሽ ትንሽ እየቆራረሱ ማብላት ይረዳል። ለሆድ ድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ተልባ። ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ግን አንድ ሰው ሊያስብላት ይገባል።

አሁን ወደ ጥናቱ። እየተሻለኝ ሲመጣ ማንበብ ጀመርኩ። በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው አውስትራሊያ ውስጥ በፕሮፌሰር ፌሊስ ጃካ መሪነት ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድባቴ የነበረባቸውና አመጋገባቸው ደካማ የሆነ 67 ሰዎች ተሳተፉ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር እየተገናኘ አመጋገቡን አስተካከለ። ሌላው ወገን በተመሳሳይ ጊዜ ከሰው ጋር ተጫወተ፣ ስለሚወደው ነገር አወራ። ከ12 ሳምንት በኋላ አመጋገብ ካስተካከሉት ከመቶ 32 ያህሉ ከድባቴ መስፈርት ወጡ። ከሌላው ወገን ከመቶ 8 ያህሉ።

ቁጥሩ ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮችም አብረው ይነገሩ። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ መድኃኒት ወይም የምክር ሕክምና ላይ የነበሩ ናቸው። ምግቡ የመጣው በሕክምናው ላይ ተጨምሮ ነው፤ በሕክምናው ቦታ አይደለም። ጥናቱም ትንሽ ነው። ማን የትኛው ወገን እንደሆነ ደግሞ ተሳታፊው ራሱ ያውቃል፤ ምግብ እንደ ኪኒን ተደብቆ አይሰጥም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት አለ። በአራት የአውሮፓ አገሮች፣ ከ1,000 በላይ ክብደታቸው የጨመረና ለድባቴ የተጋለጡ ሰዎች ላይ የተሠራ። ኦሜጋ 3 (በተለይ ከባሕር ዓሣ የሚገኝ ቅባት)፣ ቫይታሚን ዲ፣ ፎሊክ አሲድና ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን በኪኒን መልክ ለግማሾቹ ለአንድ ዓመት ተሰጣቸው። ድባቴ እንዳይመጣ አልከላከለም። ለከፊሎቹ የተሰጠው የአመጋገብ ምክርም በጥቅሉ ሲታይ መከላከል አልቻለም። ሁለቱንም ጥናት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የምረዳው ይህን ነው፤ ምግብ ሕክምና ላይ ያለን ሰው ያግዛል፤ ድባቴን የሚያጥር አጥር ግን አይደለም፤ በብልቃጥ የሚሸጥ ቫይታሚንም የገበታን ቦታ አይተካም። በእርግጥ እንደ እኔ እጥረት በምርመራ ከተገኘ ኪኒኑ መድኃኒት ነው፣ ይወሰዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ላርም። ስልክ ላይ «ሙዝ ብሉ፣ ሴሮቶኒን አለው፣ ደስታ ይሰጣል» የሚል ነገር ይዞራል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን ወደ 90 በመቶው የሚመረተው አንጀት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። ግን የአንጀቱም የሙዙም ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም። ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ልጣጭ ከመላጥ በቀር ሥራ ስለማይጠይቅ ለታማሚ በጣም ይመቻል። የደስታ ኪኒን ግን አይደለም። ምግብ የሚያግዘው ቀስ ብሎ ነው። አንጎል ኬሚካሎቹን ለመሥራት ፎሌት (አንዱ የቫይታሚን ቢ ዓይነት)፣ ብረት፣ ቢ12 ይፈልጋል። የአንጀት ባክቴሪያዎች አሰር (ፋይበር) ይፈልጋሉ። ሰውነት ሲራብ እንቅልፍም ስሜትም ይናጋል።

የአውስትራሊያው ጥናት የተጠቀመው የሜዲትራኒያን አካባቢ አመጋገብ ነው። ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ወደቀ። የወይራ ዘይት በዚህ ኑሮ? በኋላ ግን ዝርዝሩን ደግሜ አየሁት። ከወይራ ዘይቱ በቀር አብዛኛው ሰኞ ገበያ አለ።

ጥራጥሬ ካሉ፣ ሽሮ አለን፣ ምስር አለን፣ ባቄላና አተር አለን። ከፎሌት ምንጮች ደህና የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። ያልተፈተገ እህል ካሉ፣ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ቅርፊቱ ሳይለይ ነው የሚፈጨው። ጤፍ የማይደርስበት ቤት ማሽላ አለ፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቆላው ሲወረድ የሰዉ እንጀራ እሱ ነው። ከወረኢሉና ከለጋምቦ ደጋ ገብስ ይመጣል፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው። ሊጥ ሲቦካ ደግሞ ብረትና ዚንክ ከሰውነት እንዳይዋሃዱ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል። እናቶቻችን እርሾ ጥለው ሊጡን ቀናት የሚያቆዩት ለጣዕም ብለው ነው፤ ጥቅሙ ግን ከጣዕም ያልፋል።

ዓሣ ካሉ፣ ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቆሮሶ የሚባለው የሐይቅ ዓሣ እንደ ባሕር ዓሣ በኦሜጋ 3 የበለጸገ አይደለም። ፕሮቲንና ቢ12 ግን አለው። ለኦሜጋ 3 ደግሞ ተልባ አለን፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ የምንጠጣው። የተልባው ዓይነት ኦሜጋ 3 ሰውነት ውስጥ ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለወጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። ቢሆንም አሰሩ ብቻውን ይበቃኛል። ዘይት ላይ፣ አቅም ካለ ከሚረጋው የፓልም ዘይት ይልቅ ኑግ ወይም ሱፍ ይሻላል። በዚያ ጥናት የቀነሱት ነገር ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ነጭ ዱቄት፣ የተጠበሰና የታሸገ ምግብ ነው። እኛ ቤት ሲተረጎም በቀን ስንት ሻይ ስንት ማንኪያ ስኳር፣ ለልጆቹ የሚገዛው ብስኩት፣ በየእንግዳው የሚከፈተው ለስላሳ ማለት ነው። የገረመኝ ደግሞ ተሳታፊዎቹ ለአዲሱ አመጋገብ ያወጡት ገንዘብ ከቀድሞ ወጪያቸው ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ለደም ማነሴ የተነገረኝን እዚሁ ላስገባ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ያስቀራሉ። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ያስገባሉ። ስለዚህ ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ሽሮ ጋር ጥሬ ቃሪያ መብላት፣ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ። ቡናን ተዉ አልልም። ቡና በእኛ ቤት ሰው የሚሰበሰብበት ነው፣ ለታማሚ ደግሞ መሰብሰቡ ራሱ ያስፈልጋታል። ከቀትር በኋላ የሚጠጣው ግን ሌሊቱን ይወስዳል። እንቅልፍ ያጣች ሴት የጠዋቱን ቡና ትጠጣ፤ ማታ ላይ ከጀበናው አጠገብ ትቀመጥ፣ ፈንዲሻ ትብላ፣ ሲኒው ይለፋት።

ይህን ሁሉ ግን ያወቅኩት በኋላ ነው። ስታመም አንዱንም አላውቅም፤ ባውቅም አላደርገውም ነበር። እኔን ያበሉኝ ሌሎች ናቸው።

ጎረቤታችን አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ወሎ ለኖረ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። የእሳቸው ቤት ሥጋ እኛ ቤት አይበላም፣ የእኛም እሳቸው ዘንድ። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረው ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ነው። ባለሙያዎቹ «ጥራጥሬና አትክልት» ብለው ያዘዙት ምግብ በአጥራችን ላይ ድሮም ሲመላለስ የኖረው መሆኑን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

እሳቸው «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ጠዋት ፉል ወይም በሶ በትንሽ ሳህን ይዘው ይገባሉ። «ልጄ፣ ባልበላሽው ምንም አይደል፤ እዚህ ይቀመጥ» ይላሉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጅ ልጃቸው፣ ስለ ገበያው ያወራሉ። ዓይናቸው ሳህኑ ላይ አይደለም። በወሬው መሃል አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ይዘረጋሉ፤ «እጄን አትመልሺው።» የእሳቸውን እጅ መመለስ አልችልም፤ እጎርሳለሁ። የራሴን እጅ ወደ እንጀራው መስደድ የማልችልበት ቀን ላይ የሰው እጅ ከአፌ ደርሷል። እያደር ደግሞ «እስቲ ይህችን ምስር ልቀሚልኝ» ማለት ጀመሩ። ምስሩን እለቅማለሁ። ሌላ ቀን ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሐኪሞች ትንሽ የምትሠራ ነገር በሰዓቷ መሥራትን እንደ አንድ የድባቴ ሕክምና ይጠቀሙበታል። እሳቸው ይህን አንብበው አይደለም። የሰው ልጅ እንዴት እንደሚነሳ ያውቃሉ።

ባለቤቴም ሽሮ መሥራት የተማረው ያኔ ነው። ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ቤቱን የምታበላው ሴቷ ናት። እሷ ስትታመም የሚታመመው የእሷ ሆድ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ ሁሉ ገበታ ነው። ልጆቹ በዳቦና በሻይ ይውላሉ። እሷ ይህን እያየች ጥፋተኝነት ይጨመርባታል፣ ጥፋተኝነቱ ደግሞ መልሶ ሕመሙን ያባብሳል። ስለዚህ ወንዶች ሆይ፣ «ምን ላድርግላት?» ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ሽሮ ሥሩ። ሽንኩርቱን በዝግታ አቁላሉት፣ ሽሮውን እየነሰነሳችሁ አማስሉ፣ እንዳይጓጉል። እንቁላል ቀቅሉ። ድንች ቀቅሉ። ቆሎ በእጇ በምትደርስበት አስቀምጡ። ብዙ አታቅርቡ፤ የሞላ ትሪ ያስፈራታል። ሰዓቱ ሲደርስ «ትበያለሽ?» ሳይሆን «ቀርቧል፣ ነይ አብረን» በሏት፤ መምረጥና መወሰን ራሱ ከባድ የሚሆንበት ሕመም ነው። ካልበላችም አትቆጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና አቅርቡ።

ጾም መነሳት አለበት። የጾም ምግባችን ያው ጥራጥሬና አትክልት ነው፣ ከዚህ አንጻር ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አንደኛው፣ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ የዓመቱን አጽዋማት ሁሉ የሚጾምና በፍስኩም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እምብዛም የማያገኝ ሰው ሊያጥረው ይችላል። ሁለተኛው፣ ድባቴ ሆዷን የዘጋባት ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ጾሙ ለሕመሙ መሸሸጊያ ይሆናል፤ ማንም አለመብላቷን አያይም። እኔ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ቁርስሽንም ብዪ፤ የቀረውን እኔና አንቺ እናየዋለን» አሉኝ። ብዙዎች ይህን ፈቃድ ሳይጠይቁ ብቻቸውን ይጎዳሉ። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ሱረቱል በቀራ ላይ የታመመ ሰው ሌላ ጊዜ ቀኑን እንዲተካ ተፈቅዶለታል። መጾም የቻለም ቢሆን የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጣር ከማዛወሩ በፊት ሐኪሙን ያናግር።

ወሎ ተቀምጦ ስለ ሆድና ስለ ስሜት እየጻፉ ጫትን መዝለል አይቻልም። ጫት ይዞ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበትን የወዳጃ ሥርዓት አከብራለሁ፤ ስንት ጠብ የታረቀበት፣ ስንት ታማሚ ዱዓ የተደረገለት ነው። የምናገረው ድባቴ ይዞት በየቀኑ ስለሚቅም ሰው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ረሃብን ይዘጋል፣ ምሳ ይቀራል። እንቅልፍ ይወስዳል። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ጭፍግግታ ድባቴ ላለበት ሰው ሁለት እጥፍ ነው። ያን ለማስታገስ ደግሞ ማታ መጠጥ ይከተላል። አልኮል ድባቴን ያባብሳል፤ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደመር የማደንዘዝ አደጋው ይጨምራል። ሐኪም ፊት ስለ ጫትና ስለ መጠጥ መደበቅ አያስፈልግም። መድኃኒቱን የሚመርጠው ይህን አውቆ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። «ኪኒኑን ጣሉት፣ በማርና በጥቁር አዝሙድ ዳኑ» የሚሉት ቪዲዮዎች። ማር ምግብ ነው። ጥቁር አዝሙድም ቅመም ነው፣ ዳቦው ላይ ሲደረግ እወደዋለሁ። ሰው የሚታከምበትን መድኃኒት በድንገት ማስቆም ግን ወንጀል ይመስለኛል። የድባቴ መድኃኒት በአንዴ ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መረበሽ ያመጣል፤ ሕመሙም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከተሻላት በኋላ እንኳ ለወራት ይቀጥላል። ማቆሚያው ሲደርስ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ጸበል የምትሄድ ትሂድ፣ ዱዓ የሚደረግላት ይደረግላት፣ ማሩንም ትላሰው። ኪኒኑ ግን አብሯት ይሂድ።

ስለ ኑሮ ውድነቱም ዝም ማለት አልችልም። ይህን ሲያነቡ «እኛ እኮ የምንበላው አጥተን ነው የምንጨነቀው» የሚሉ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው። ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ጋ ሄዶ ስለ ኦሜጋ 3 ማውራት ነውር ነው። እዚያ የሚያስፈልገው እህል ነው። ባዶ ሞሰብ ራሱ ያስጨንቃል፣ ያሳምማል። አቅም ላነሰው ቤት ግን ይህን እላለሁ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮና በጎመን ምንም የማይጎድለው የክብር ምግብ ነው። የሚያሳፍር የለውም። ለታማሚ ተብሎ ለውድ ጁስና ለታሸገ የወተት ዱቄት መበደር አያስፈልግም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ አብራችሁ ግቡ፣ እሷ ከፈቀደች። «ምግብስ?» ተብላ ስትጠየቅ «እበላለሁ» ነው የምትለው። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛች፣ ልብሷ እየሰፋ መሆኑን የሚያውቀው ምግቡን ያቀረበው ሰው ነው። እሱን ለሐኪሙ ንገሩት፤ መድኃኒት ለመለወጥም ሆነ መጠን ለመጨመር ይጠቅመዋል።

ውኃ እንኳ መጠጣት ካቆመች፣ ክብደቷ በፍጥነት ከወረደ፣ «ባልኖር ይሻላችኋል» የሚል ነገር ካወጣች፣ ይህ ከማዕድ ቤት በላይ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት፤ ሌሊት ቢሆንም የድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። እስክትደርሱ ብቻዋን አትተዉአት። የፀረ ተባይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለ አውጡት። ኪኒኖቹንም እናንተ ጋ አድርጉና የዕለቱን ብቻ ስጧት፤ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ ይገድላል።